ለልጆቻችን የመጀመሪያው ቴሌስኮፕ የቱ ይሁን?

(ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አምቦ ላይ በተካሄደው የማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ከቡና በኋላ የቀረበ ንግግር። ተናጋሪዋ በከተማችን ፎቶ ቤት ያላት የማህበሩ አባል ናት።)



ሰብሳቢያችን ባለፈው ወር «አንቺ ካሜራ ታውቂያለሽ፤ የልጆቹን ነገር አጥንተሽ ቁርጡን ንገሪን» ብላ አደራ ሰጥታኝ ነበር። ነገሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጊንጪና ከጉደር ለመጣችሁ እንግዶች ግን ባጭሩ ልናገር። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ በምድር ጥላ ተውጣ ደም መስላ ነበር። ልጆቻችን ተሰብስበው ሲጠብቁ ቆይተው፣ ደመናው ለጥቂት ደቂቃ ገለጥ ሲል በስልካቸው አነሷት። ፎቶውን ወደ እኔ ፎቶ ቤት ይዘው መጡ። አሥራ አንዱም ስልክ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀላ ያለች ነጥብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቁላል ሽያጭ፣ ከጸጉር ሥራ፣ ከሰርግ ጥሪ ካርድ ላይ ያገኙትን እያጠራቀሙ 11,400 ብር አድርሰዋል። ጥያቄያቸው ማህበሩ የጎደለውን ሞልቶ ጨረቃንና ከዋክብትን ፎቶ የሚያነሱበት ቴሌስኮፕ እንዲገዛላቸው ነው።

ሁለት ስብሰባ ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችሁ «የበግ ማድለቢያ ብድር ለጠየቀች እናት ወረፋ ጠብቂ እያልን ለኮከብ ማያ እንዴት እንከፍላለን?» አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ሴት ልጅ በሌሊት ደጅ ቆማ ምን ትሠራለች?» አላችሁ። ሁለቱም ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። እኔ ስለ ዕቃው ነው የተጠየቅሁት፤ ነገር ግን ዕቃውን ስመረምር ዋናው መምረጫ እነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ሆነው አገኘኋቸው።

ከሳጥኑ ልጀምር። ሦስተኛ አንድ ነገር አለና፤ አንድ ነጋዴ ዘንድ የተገኘ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ቴሌስኮፕ። ልጆቹ ፎቶውን አሳዩኝ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «675 እጥፍ ያጎላል» ይላል። ከጎኑ የሳተርን ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ መንኮራኩር ተልኮ በቅርብ ያነሳው ዓይነት ነው። የፊቱ ሌንስ ስፋት ግን 60 ሚሊ ሜትር ነው። እህቶቼ፣ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ቴሌስኮፕ ሲገዛ የሚጠየቀው ስንት እጥፍ ያጎላል ተብሎ ሳይሆን አፉ ምን ያህል ሰፊ ነው ተብሎ ነው። የቴሌስኮፕ ሥራ ብርሃን መሰብሰብ ነው። ዝናብ ሲመጣ በርሜል ደጅ የምታወጣ ሴት ነገሩ ይገባታል፤ በጠባብ አፍ ጠርሙስ የተጠራቀመ ውኃ ለእንስራ አይበቃም። ባለሙያዎች የሚሄዱበት ልክ ለአንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ቢበዛ ሁለት እጥፍ ማጉላት ነው። ስለዚህ ያ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ120 እጥፍ በላይ ቢያጎላ የሚታየው ትልቅ ጉም ነው። 675 የተባለው ማታለያ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም።

እግሩም ሌላ ችግር አለው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ነው። በሰርግ ቤት ፎቶ የምታነሳ ሰው እንደ እግር መንቀጥቀጥ የሚጠላው የለም። እዚያ እጄ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ሙሽራዋ ብዥ ትላለች፤ እዚህ ደግሞ 60 እጥፍ አጉልተሽ ስታዪ መንቀጥቀጡም 60 እጥፍ ይጎላል። ነፋስ ሽው ሲል ጨረቃ ከመስኮቱ ትወጣለች። ስለዚህ ከገንዘባችሁ ግማሹ ለመቀመጫው ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ጥሩ ቱቦ በመጥፎ እግር ላይ ከመጥፎ ቱቦ አይሻልም።

አሁን ዓይነታቸውን ላስረዳ። ሁለት ወገን ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባለ ሌንስና ባለ መስታወት። ጋሊሊዮ በጥር ወር 1610 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው በባለ ሌንስ ነው። ባለ ሌንስ ጥገና አይፈልግም፤ ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ዓይን። ነገር ግን ሌንሱ እየሰፋ ሲሄድ ዋጋው ይወጣል፤ ርካሹ ደግሞ በብሩህ ነገሮች ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ያመጣል፤ ያ ጥላ በፎቶ ላይ በዓይን ከሚታየው ይብሳል። ባለ መስታወቱ ከታች ጎድጎድ ያለ መስታወት አለው፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ጎን ያወጣዋል። በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ አፍ የምታገኙት ከባለ መስታወቱ ነው። ጣጣው መስታወቶቹ በመንገድ ሲንገጫገጩ መስመራቸውን ይስታሉ፤ አንዳንዴ በመፍቻ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ይማሩታል። የልብስ ስፌት መኪና ክር የምታስተካክል ልጅ ይህ አይከብዳትም።

መቀመጫው ላይ ነው ግን ነገሩ የሚጠነክረው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ የእኛ አገር ነገር አለበትና።

ምድር ስለምትዞር ከዋክብት ሁሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ በሰዓት 15 ዲግሪ። በዓይን ስናይ አይታወቀንም። ካሜራ ግን ደብዛዛ ነገር ለማንሳት ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አለበት፤ ሲቆይ ኮከቡ ይሄድበትና ነጥብ የነበረው መስመር ይሆናል። በስልክ ብቻ ሰማዩን በሰፊው ስታነሺ 15 ወይም 20 ሰከንድ ድረስ መቆየት ትችያለሽ። 650 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ቴሌስኮፕ ግን አንድ ሰከንድ እንኳ አትቆዪም። ለዚህ መድኃኒቱ ከሰማይ ጋር እኩል የሚዞር ባለ ሞተር መቀመጫ ነው። ፎቶ ማንሳት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሁሉ መጀመሪያ እሱን ግዙ ይላሉ። የተጻፉት ግን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ሰው ነው።

ያ መቀመጫ የሚሠራው አንዱ ዘንጉ በሰሜን ኮከብ ላይ ሲነጣጠር ነው። የሰሜን ኮከብ ለንደን ላይ ከአድማስ 51 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አንገት ቀና አድርጎ የሚያዩት ነው። አምቦ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ለእኛ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማስ ላይ አስቀምጡ፤ ከጭብጡ በላይ ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ምንድን ነው? የጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ ወይም ኮረብታ፣ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ። ቢታይ እንኳ ጭጋጉ ያደበዝዘዋል። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ርካሽ መቀመጫዎች ዘንጋቸው እስከዚህ ዝቅ እንዲል ተደርገው አልተሠሩም፤ አንዳንዱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ዝቅ ያለውም የሚዛኑ ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። እንግዲህ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ «ለ9 ዲግሪ ዝቅ ይላል ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳታስገዙ። ክብደቱም አለ። ሚዛኑና እግሩ ተደምሮ 20 ኪሎ የሚያልፍ ብዙ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ላንሳ፤ የልጆቹን የሌሊት ነገር።

እኔ የምለው፣ ልጆቻችን ሜዳ ላይ አይወጡም። የምንሠራው በአጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ከ3 ሰዓት በኋላ እያንዳንዷ ቤቷ ናት። ሁልጊዜ ከእኛ ሁለት እናቶች አብረው ይሆናሉ። ቀበሌውም ጎረቤቱም አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ማታ ማታ ረጅም ቱቦ ወደ ሰማይ አዙሮ የቆመ ሰው ሲያዩ የማይደነግጡ አይምሰላችሁ፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ድንጋጤ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ከሆነ ቴሌስኮፑ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ከቤት ወደ ግቢ የምታወጣው፣ በአምስት ደቂቃ የሚቆም፣ ሰው ቢጠራ ወይም ዝናብ ቢመጣ ወዲያው የሚገባ መሆን አለበት። ዘንግ አስተካክዬ፣ ሚዛን ሰቅዬ፣ ገመድ ቀጥዬ ሲባል አንድ ሰዓት ያልቃል፤ ከሁለት ሰዓታችን ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ትልቁ መቀመጫ ለእኛ ያልሆነው በዚህም ነው። ወንዶቹ ወደ ደንዲ ሐይቅ ወጥተን እናድራለን ሊሉ ይችላሉ፤ ይሂዱ። የእኛ ሰማይ ከግቢ የሚታየው ነው።

እሱም አያንስም። በዚህ ከሳጥኑና ከመጻሕፍቱ ይልቅ የራሳችሁን ደጅ እመኑ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅና ንጹህ ነው። ፕላኔቶች የሚሄዱበት መንገድ ከአናታችን አጠገብ ስለሚያልፍ አውሮፓ ያለ ሰው በአድማስ ጭጋግ ውስጥ የሚፈልጋቸውን እኛ ከላያችን እናያቸዋለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍኖተ ሐሊብ ከጣሪያ እስከ ጣሪያ ተዘርግታ ትታያለች፤ መብራት ኃይልን የማመሰግንበት አንዱ ነገር ይሄ ብቻ ነው። አገራችን እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ማማ በ2007 ዓ.ም. አስመርቃለች፤ ያ ማማ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ አለበት። ለዚህም ነው ላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍ ያሉ ተራሮች ለሌላ ማማ የተጠኑት። የጉደር ልጅ ግን አምፖል አጥፍታ ትገላገላለች።

የቦረና አባቶች ይህን ሰማይ ያለ ምንም መሣሪያ አንብበው የዘመን መቁጠሪያ ሠርተውበታል። ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደምትወጣ እያዩ ወሩን ይለያሉ፤ ቡሳን የሚሏቸው ተሰብስበው የሚታዩት ትንንሽ ከዋክብት፣ በቀልቻ የሚሉት ቀላ ያለው ኮከብ፣ ባሳ የሚሉት ከሁሉ ብሩሁ፣ እያለ ይቀጥላል። ልጆቹ ፎቶ ሲያነሱ ስሙን በዚህም እንዲጽፉት እፈልጋለሁ። ፕሌያዴስ ብቻ ብለው እንዳይተዉት።

እንግዲህ የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ያመጣኋቸው ከላይ ባልኩት ሚዛን ነው።

አንደኛው አዲሱ፣ ብልህ የሚሉት ቴሌስኮፕ ነው። ሲስታር የሚባለው ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው፤ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ነው፤ ካሜራው ውስጡ ነው። ስልክ ላይ የፈለግሽውን ስም ስትነኪ ራሱ ዞሮ ያገኘዋል፤ አሥር አሥር ሰከንድ እያነሳ ፎቶዎቹን ይደራርባል። ሩብ ሰዓት ሲቆይ የኦሪዮን ኔቡላ በቀለም ይወጣል። የሰሜን ኮከብ አያስፈልገውም። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ መልሱ ይሄ ነው፤ ልጆቹም በቪዲዮ አይተውት ልባቸው ሸፍቷል። ዋጋው ውጭ አገር 500 ዶላር አካባቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ 75 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። ፕላኔት ላይ ደካማ ነው፤ ጁፒተር በእሱ ትንሽ ነጥብ ናት። ቢበላሽ አምቦ ላይ የሚከፍተው የለም። ከሁሉ በላይ ግን ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳ የለውም። የሚያሳየው በስልክ ነው። እማማ ከፊት ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው፤ «ስልክ ውስጥ ያለው ሥዕል የእውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን?

ሁለተኛው 130 ሚሊ ሜትር ባለ መስታወት ሆኖ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ዶብሶኒያን የሚሉት ነው። መቀመጫው እንደ ድስት ማስቀመጫ የሚዞር የእንጨት ጣውላ ነው። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ክብደቱ 7 ኪሎ አይሞላም። አፉ ከዓይናችን ብሌን ከ300 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ ከ60 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ባለ 25 የዓይን ሌንስ ሲገባበት 26 እጥፍ፣ ባለ 10 ሲገባበት 65 እጥፍ ያጎላል። ዋጋው ከ200 እስከ 300 ዶላር ነው፤ ከ30 ሺህ እስከ 45 ሺህ ብር ማለት ነው።

ፎቶስ? ስልክ በዓይን ሌንሱ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ማያዣ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ጨረቃ ብሩህ ስለሆነች ካሜራው የሚቆየው የሰከንድ መቶኛ ነው፤ ስለዚህ ምድር ብትዞርም ግድ የለም። ጉድጓዶቿ፣ የተራሮቿ ጥላ ሁሉ ይወጣል። ጁፒተርን ደግሞ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ማንሳት ነው፤ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በሺህ የሚቆጠር ምስል አለበት። አየሩ ስለሚርገበገብ አንዳንዱ ምስል ብዥ ይላል፣ አንዳንዱ ጥርት ይላል። አውቶስታከርት የሚባል በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥርት ያሉትን ለይቶ ይደራርባቸዋል። እህል እንደማበጠር ነው፤ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይህን ይችላል፤ የእኔም ፎቶ ቤት ኮምፒውተር እሑድ ከሰዓት ክፍት ነው።

ደብዛዛዎቹን ኔቡላዎች በዚህ በደንብ ማንሳት አይቻልም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከኦሪዮን ኔቡላ ትንሽ ጉም ይወጣ ይሆናል፤ በቪዲዮ ያዩት ሮዝና ሰማያዊ አይወጣም። ሄንሪ ድሬፐር በ1880 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳው 51 ደቂቃ ቆይቶበታል፤ ሰማዩን የሚከተል ከባድ መሣሪያ ይዞ ነው።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ዋጋው ብቻ አይደለም። ብልሁ መሣሪያ ሥራውን ራሱ ሠርቶ ይሰጣል፤ ልጆቹ ደግሞ ሥራውን መልመድ ነው ያለባቸው። ኦሪዮንን በጣታቸው ጠቁመው ሳያውቁ በስልክ ቢነኩት ምን ተማሩ? በጨረቃ ላይ ብርሃን መመጠን የለመደች ልጅ፣ ትኩረት ማስተካከል የለመደች ልጅ፣ ነገ በእኔ ፎቶ ቤት ሠርግ ታነሳለች፤ ይህን የምለው በቀልድ አይደለም፤ ከእነሱ ሁለቱን ከሰኔ በኋላ ለመቅጠር አስቤያለሁ። እኅቴ ከወዲያ «ለሥራተኛ ፍለጋ ነው እንዴ ነገሩ!» ትላለች። ይሁን።

ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ፤ ካነበብኩት ሁሉ ከልቤ ያልወጣው እሱ ነው። ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ትባላለች፤ በ1857 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ተወለደች። አዎ፣ ስሙ ከእኛ ደንዲ ጋር አንድ ነው። ከባሏ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ እርጉዝ ሳለች ባሏ ጥሏት ሄደ። ቦስተን አጠገብ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። የቤቱ ጌታ የሃርቫርድ የከዋክብት ማማ ኃላፊ ፒከሪንግ ነበር። እሱም በ1881 ወደ ማማው ወሰዳት፤ ሌሎች በመስታወት ላይ ያነሷቸውን የሰማይ ፎቶዎች እየመረመረች እንድትመዘግብ። ፎቶው ሌሊት ሙሉ በወንዶች ይነሳል፤ እሷ ቀን በአጉሊ መነጽር ትመለከታለች። በ1888 ከተነሳ አንድ ፎቶ ላይ በኦሪዮን ቀበቶ ሥር የተቆረጠች ጥቁር ቅርጽ ያየችው እሷ ናት፤ ዛሬ የፈረስ ራስ ኔቡላ ይሉታል። ከአሥር ሺህ በላይ ከዋክብትን በብርሃናቸው ዓይነት መድባለች፤ ከሥሯም ሌሎች ሴቶች ሠርተዋል። ደጅ አድራ አይደለም። ስለዚህ ከእኛ ልጆች መካከል ማታ መውጣት የማይፈቀድላት ብትኖር፣ የወጡት ያመጡትን ቪዲዮ ቀን ተቀምጣ ትለይ፣ ትደራርብ፣ ትመዝግብ። እኩል ድርሻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከተዘዋዋሪ ብድሩ አንድ ብር እንዳይነካ እላለሁ። ያ ገንዘብ የበጉ፣ የሽንኩርቱ፣ የወፍጮው ነው፤ ለሱ ወረፋ የምትጠብቅ እናት አለች። የልጆቹ 11,400 አለ። ቀሪው እንደ እቁብ በፈቃደኞች ይዋጣ፤ እኔ 3,000 ብር እሰጣለሁ፤ የጎደለውን እስከ ሚያዝያ እንጨርሰዋለን። አንዷ አባል «ጨረቃ በአሥር ብር እናሳይና ገንዘቡን እንመልሳለን» ብላለች። በገበያ ቀን ማታ ሊሞከር ይችላል፤ ግን ይህን እንደ ገቢ ቆጥራችሁ ዕቅድ ውስጥ እንዳታስገቡ። ደመና አንድ ወር ሙሉ ሊያስቀርብን ይችላል።

ሲገዛም ጥንቃቄ አለው። ከውጭ የሚያመጣው ሰው ከመግዛቱ በፊት የቀረጡን መጠን ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለ የማጉያ መሣሪያ ሲገባ ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አስቀድመን እንላክለት። መስታወቱ ከእጅ ሻንጣ አይለይ። እዚህ ሲደርስ ከመረከባችን በፊት ቀን ላይ ሩቅ ያለ የስልክ ምሰሶ እንይበት፤ ጥርት ካላለ ያኔውኑ ይታወቃል።

ፀሐይ ላይ አደራ አለኝ። ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ያዞረች ልጅ ዓይኗን ለዘላለም ታጣለች፤ ሕመም እንኳ ሳይሰማት። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚገጠም ትንሽ ጥቁር መስታወት ከሳጥኑ ቢወጣ ስበሩና ጣሉት፤ በሙቀቱ ይሰነጠቃል። የሚያድነው በቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ከፊት የሚታሰር የፀሐይ ማጣሪያ ብቻ ነው። ይህን የማነሳው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ ነው። ሙሉው የሚታየው በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ፣ በየመንና በሶማሊያ ጫፍ ነው፤ እኛ ጋ በከፊል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆኖ የታየውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የሐምሌ ደመና ካልከለከለን እናየዋለን፤ በከፊል ሲሸፈን ግን ያለ ማጣሪያ አንድ ሰከንድም አይታይም።

ክረምትን ካነሳሁ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ቴሌስኮፑ በሳጥኑ ነው የሚያርፈው። መስታወት እርጥበት አይወድም፤ ሻጋታ ይበላዋል። ማታ ጤዛ የነካው ዕቃ ሳይደርቅ ክዳን አይደረግበት። መስታወቱን በነጠላ ጫፍ እንወልውል የሚል አሳብ ከመጣ እጃቸውን ያዙልኝ፤ አቧራ ያለበት መስታወት ይሠራል፣ የተጫረ አይሠራም።

አንድ ነገር ስለ ስልኩ። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ጨረቃን ሲያዩ ያላዩትን ጉድጓድ ከራሳቸው ይጨምራሉ። ፎቶው ያምራል፤ ግን ልጅቷ ያነሳችው አይደለም። ልጆቹ ይህን ማስተካከያ አጥፍተው ያንሱ፤ ደብዝዞ ቢወጣ ይደብዝዝ።

ቴሌስኮፑ እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ሳተርን በዚህ ሰሞን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ከአናታችን አጠገብ ናት፤ ቀለበቷ ዘንድሮ በጎን ስለዞረብን ቀጭን መስመር ነው፤ በሚቀጥሉት ዓመታት እየተከፈተ ይሄዳል። ጁፒተር ጥር 2 ቀን ከፀሐይ ትይዩ ትሆናለች፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በምሥራቅ እሷን የሚያህል የለም። ኦሪዮን ጥር መጨረሻ ላይ በዚያው ሰዓት ከራሳችን በላይ ይደርሳል። የደቡብ መስቀል በግንቦት ይመጣል፤ ከደቡብ አድማስ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ፤ አውሮፓ ያለ ሰው ጨርሶ የማያየው ነው። የመምህራችን ባለቤት የወፍ ማያ ሁለት ዓይና መነጽር አላቸው፤ ለማዋስ ፈቅደዋል።

ታኅሣሥ 18 ቅዳሜ፣ የገብርኤል ዋዜማ፣ ጨረቃ ግማሽ ትሆናለች። ለፎቶ ከሙሉ ጨረቃ ግማሽ ትበልጣለች፤ ጥላው ያን ጊዜ ነውና ጉድጓዶቹን የሚያወጣው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በእኔ ግቢ እንገናኝ። የስልክ እግር እኔ አለኝ፤ የመነጽሩ ማሰሪያ ከጣውላ ይሠራል፤ ልጆቹ ፎጣና ሹራብ ይዘው ይምጡ፤ ይበርዳል። ሁለት እናቶች ያስፈልጋሉ። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ማን ትሁን?